የቻይና ባለሀብት ወደ ወረዳ ሲመጣ፦ ከአቀባበሉ በፊት ማለቅ ያለበት ሥራ

የቻይና ኩባንያ ቡድን አንድን ከተማ ሊያይ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚቆየው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው። በዚያው ጉዞ ሌሎች ከተሞችንም ያያል። ስለ ከተማው ታሪክ፣ ስለ አየር ንብረቱና ስለ ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይነት የሚደረገውን ንግግር በትህትና ያዳምጥና አጫጭር ጥያቄዎች ያነሳል። መሬቱ ላይ ሰው አለ? ከየትኛው ማከፋፈያ ጣቢያ ስንት ሜጋ ዋት ይገኛል? ውሃው በቀን ስንት ሜትር ኩብ ነው? ችግር ሲገጥመን የምንደውለው ለማን ነው?

ለእነዚህ ጥያቄዎች «እናመቻቻለን» የሚል መልስ ብቻ ያለው አስተዳደር ገና አልተዘጋጀም። እንግዳው ከሄደ በኋላ ቁጥሩን መፈለግ ከተጀመረ ደግሞ ወራት ያልፋሉ። ከዚህ የከፋው ግን በቂ መረጃ ሳይኖር ውል መፈረም ነው። ገበሬው ይነሳል፣ መሬቱ ይታጠራል፣ መብራት ግን አይገባም፤ አጥሩ ውስጥ ሣር ይበቅላል። በዚህ ጽሑፍ በኢትዮጵያ የሚገኝ የወረዳ ወይም የከተማ አስተዳደር የቻይና ኢንቨስትመንት ከመምጣቱ በፊት በእጁ ሊኖረው የሚገባውን በዝርዝር እናስቀምጣለን። ነዋሪውም አስተዳደሩን መጠየቅ ያለበት ስለነዚሁ ነገሮች ነው።

የመጣው ማን ነው?

መጀመሪያ መለየት ያለበት የሥራ ተቋራጭና ባለሀብት ነው። ብዙ ቦታ ሁለቱም «ቻይኖቹ» ተብለው በአንድ ስም ይጠራሉ። የሥራ ተቋራጭ በሌላ ሰው ገንዘብ ይገነባል፤ ክፍያውን ተቀብሎ ይሄዳል። ባለሀብት የራሱን ገንዘብ አምጥቶ ትርፍና ኪሳራውን ይሸከማል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን የገነባው ሲሲኢሲሲ የተባለው የቻይና የግንባታ ኩባንያ ነው፤ ገንዘቡ ግን የኢትዮጵያ መንግሥት ነበር፣ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ፓርኩ ሲመረቅ ዋናው ተከራይም ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ ነበር። ዱከም ያለው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን በተቃራኒው የቻይና የግል ኩባንያ አልምቶ ሼድና መሬት የሚያከራይበት ነው፤ ሁዋጂየን የተባለው የጫማ አምራችም በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እዚያ ነው። ወረዳው ከተቋራጭ የሚጠብቀው ጊዜያዊ ሥራ፣ የድንጋይና የአሸዋ ግዢ፣ ሲሄድ የሚያስተካክለው የካባ ጉድጓድ ነው። ከባለሀብት የሚጠበቀው ቋሚ ሥራና ግብር ነው። ተቋራጩን እንደ ባለሀብት አስተናግዶ መሬት የሰጠ ወረዳ ከግንባታው በኋላ ባዶ ካምፕ ይቀረዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሰነድ ምርመራ ነው። በቻይና የተመዘገበ ማንኛውም ኩባንያ 18 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት አንድ ወጥ የምዝገባ መለያ አለው፤ መለያው በንግድ ፈቃዱ ላይ ይጻፋል፣ ኩባንያው በሥራ ላይ መሆኑም በቻይና መንግሥት የኩባንያዎች መረጃ ድረ ገጽ ይጣራል። በዚያው ፈቃድ ላይ የሕግ ተወካዩ ስም አለ። የመጡት ሰው እሳቸው ካልሆኑ የውክልና ደብዳቤ ይጠየቅ። በቻይና አሠራር ኩባንያን የሚያስገድደው ቀዩ ክብ ማኅተም ስለሆነ፣ «ሥራ አስኪያጅ» የሚል የስም ካርድ የያዘ ሰው ብቻውን በፈረመበት ሰነድ መተማመን አይገባም።

በፈቃዱ ላይ የሚታየው «የተመዘገበ ካፒታል» ደግሞ በባንክ ያለ ገንዘብ አይደለም። ባለአክሲዮኖቹ እንከፍላለን ያሉት መጠን ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለው የቻይና ኩባንያ ሕግ በአምስት ዓመት ውስጥ ተከፍሎ እንዲያልቅ ያስገድዳል፤ ያ ማለት ዛሬ ያልተከፈለ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው የተመዘገበው ስንት ነው ከሚለው አልፎ የተከፈለው ስንት ነው የሚል ይሁን።

ከሁሉ የሚበልጠው ሰነድ የውጭ ኢንቨስትመንት ምዝገባቸው ነው። የቻይና ኩባንያ ካፒታል ከአገሩ በሕጋዊ መንገድ ለማውጣት በብሔራዊ የልማትና ሪፎርም ኮሚሽን ወይም በክፍለ ሀገር ቅርንጫፉ መመዝገብ፣ ከንግድ ሚኒስቴር ወይም ከክፍለ ሀገር ቢሮው የውጭ ኢንቨስትመንት የምስክር ወረቀት መያዝ፣ ከዚያም በባንክ በኩል የውጭ ምንዛሪ ምዝገባ ማጠናቀቅ አለበት። ይህን ያልጀመረ ኩባንያ በቅን ልቦና የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡ ግን ገና አገሩ ነው። «የምስክር ወረቀቱ የት ደርሷል?» የሚለው ጥያቄ ቁም ነገረኛውን ከአሰሳ ጎብኚው ይለያል፤ ቁም ነገረኛው በጥያቄው አይከፋም፣ እንዲያውም የተዘጋጀ ቢሮ እንዳገኘ ያውቃል።

ቁጥር ላይ የሚጠፋ ትርጉም

ቻይናውያን ከሺህ በኋላ የሚቆጥሩት በ«ዋን» ነው፤ አንድ ዋን 10,000 ነው። «3,000 ዋን» ያለውን ሰው አስተርጓሚ «3 ሚሊዮን» ብሎ ቢያቀርበው የአሥር እጥፍ ስህተት ይፈጠራል፤ ትክክለኛው 30 ሚሊዮን ነው። በዚያ ላይ ገንዘቡ ዩዋን ይሁን ዶላር ካልተጻፈ ሌላ ስህተት ይደረባል። መሬትም እንዲሁ ነው፤ እነሱ የሚያስቡት በ«ሙ» ነው። 15 ሙ አንድ ሄክታር ነው። 150 ሙ የጠየቀ ሰው የሚፈልገው 10 ሄክታር ነው፤ 150 ሄክታር ተብሎ ወደ ቀበሌ ከወረደ ግን ያለ ምክንያት የሚደናገጥ ብዙ ቤተሰብ ይኖራል።

ሰዓትም አለ። የቻይና ተቆጣጣሪ 8፡00 ብሎ የለጠፈው የፈረቃ መግቢያ ለእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ሠራተኛው ግን 8 ሰዓት ብሎ ከቀትር በኋላ ቢመጣ አይፈረድበትም። ስለዚህ የፈረቃ ማስታወቂያ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ የውል ቀኖችም በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር ጎን ለጎን ይቀመጡ። ውሉ በሁለት ወይም በሦስት ቋንቋ ሲዘጋጅ በቅጂዎቹ መካከል ልዩነት ቢመጣ የበላይ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ አንድ አንቀጽ ይግባበት። አስተርጓሚው የአስተዳደሩ ቅጥረኛ መሆን አለበት። ደመወዙን ኩባንያው የሚከፍለው አስተርጓሚ ሐቀኛ ቢሆን እንኳን በክርክር ጊዜ ሁለቱም ወገን እኩል አያምኑትም።

የማንን ሥልጣን ነው ቃል የምትገቡት?

በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት ለውጭ ባለሀብት የኢንቨስትመንት ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ነው። ዝቅተኛው ካፒታል ለአንድ ፕሮጀክት በመደበኛነት 200,000 ዶላር፣ ከኢትዮጵያዊ ጋር በሽርክና ሲሆን 150,000 ዶላር ነው። የግብር እፎይታና የቀረጥ ነፃ መብት የፌዴራል ጉዳይ ነው። የመኖሪያና የሥራ ፈቃድም በወረዳ ደረጃ አይሰጥም። መብራትን በተመለከተ ማመንጨትና ከፍተኛ ማስተላለፊያ በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ስርጭቱ በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት እጅ ነው። ፕሮጀክቱ በልዩ የኢኮኖሚ ዞን ውስጥ የሚያርፍ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1322/2016 ይመለከተዋል።

ታዲያ ለወረዳውና ለከተማው ምን ቀረ? ብዙ ነገር ቀርቷል፦ መሬቱን አጽድቶ ማስረከብ፣ ካሳና መልሶ ማቋቋም፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የውስጥ መንገድ፣ የከተማ ውሃ፣ ቆሻሻ አወጋገድ፣ ጸጥታ፣ የቤት ኪራይና የሠራተኛ ምልመላ። ፋብሪካ በብዛት የሚሰናከለውም በእነዚህ ላይ ነው። ከሥልጣኑ በላይ «ግብር አናስከፍልም»፣ «መብራት በሁለት ወር እናስገባለን» ብሎ የፈረመ አስተዳደር በኋላ ቃሉን ሲያጥፍ፣ ኩባንያው በአስተዳደሩ ሥልጣን ሥር ያለውን ተስፋም አያምንለትም። ቃል የሚገባው በሦስት ረድፍ ተከፍሎ ይሁን፦ እኛ የምንሰጠው፣ ክልሉ የሚሰጠው፣ ፌዴራሉ የሚሰጠው። በእያንዳንዱ ረድፍ የቢሮው ስም፣ የሚጠየቀው ሰነድና የሚፈጀው ጊዜ ይጻፍ። ክፍያ ያለበት ሁሉ በደረሰኝ ብቻ መሆኑ በዚያው ሉህ ላይ በቻይንኛ ጭምር ይስፈር። ደላላ የሚገባው ዋጋው ባልተጻፈበት ክፍተት ነው።

ስለ ግብር አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ኩባንያው የትርፍ ግብር እፎይታ ቢያገኝም የሠራተኞች ደመወዝ ግብር አይቀርም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የግል ድርጅት ተቀጣሪዎች የሥራ ግብር የክልል ገቢ ነው። ስለዚህ ክልሉ ከመጀመሪያው ወር የሚያገኘው ገቢ ከተቀጣሪው ቁጥርና ከደመወዙ ጋር የተያያዘ ነው። ለአዲስ መንገድና ለትራንስፎርመር በጀት ሲጠየቅ ይህን ስሌት ማቅረብ ክርክሩን ያጠነክራል።

«ከሦስተኛ ወገን ነፃ» ማለት ምን ማለት ነው?

በየወረዳው የመሬት ባንክ፣ ማለትም ለባለሀብት በተያዘ መሬት ዝርዝር ውስጥ ይህ ሐረግ ይገኛል። ወደ መሬቱ ሲወረድ ግን የሚገኘው የቆመ ጤፍ፣ የከብት መተላለፊያ፣ የምንጭ መንገድ፣ አንዳንዴም መቃብር ነው። መሬት ነፃ የሚባለው ባለይዞታዎቹ አንድ በአንድ ተለይተው፣ ግምታቸውን አይተው፣ ቅሬታቸው ተሰምቶ፣ ካሳው በስማቸው ገብቶ፣ እነሱ ለቅቀው አስተዳደሩ ሲረከበው ብቻ ነው። ከዚያ በፊት «በሂደት ላይ» ተብሎ ይመዝገብ።

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተተኪ መሬት ላላገኘ በቋሚነት ለሚነሳ የገጠር ባለይዞታ የልማት ተነሺ ካሳው ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲከፈል ይደነግጋል። ቀድሞ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 የአምስት ዓመት አማካይ ገቢን በ10 ያባዛ ነበር። በከፍተኛው ዓመት 60,000 ብር ያገኘ ቤተሰብ በአሁኑ ቀመር 900,000 ብር ይደርሰዋል። በእርሻው ላይ ለሰፈረው ንብረት የሚከፈለው ለብቻው ነው። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ ስለዚህ የካሳ ኮሚቴው ማሻሻያውንና የክልሉን መመሪያ ይዞ መሥራት አለበት።

ስህተት የሚፈጠረው የት ነው? አንደኛው፣ ግምቱ በአንድ የበጀት ዓመት ተሠርቶ ክፍያው በሌላው ሲፈጸም ነው። በመሃል የእህል ዋጋ ይወጣል፣ ገበሬው የሚረከበው ገንዘብ የታሰበውን መሬትም ቤትም አይገዛም። መድኃኒቱ የካሳው በጀት ባንክ ሳይገባ ግምት አለመጀመር ነው። ሁለተኛው፣ ገንዘቡ በባል ስም ብቻ ሲከፈል ነው፤ የይዞታ ማረጋገጫው የባልና የሚስት ከሆነ ሒሳቡም የሁለቱ ይሁን። ሦስተኛው፣ የሌላውን መሬት በእኩል (ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር እየተካፈለ) የሚያርሰው ሰው በዝርዝሩ ላይ ሳይኖር ሲቀር ነው። መሬቱ የሌላ ቢሆንም ኑሮው የተመሠረተው እዚያ ላይ ነው፤ የሚያገኘው ነገር ከሌለ ለፋብሪካው የመጀመሪያ የዘበኛ ወይም የቀን ሥራ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል። አራተኛው የወል ግጦሽ ነው። ማንም በግሉ ስለማይከራከርለት ቀላል ይመስላል፤ ከታጠረ በኋላ ግን ከብት የሚያሰማራው ቀበሌ በሙሉ ተቃዋሚ ይሆናል። በአጥሩ ዳር የከብት መተላለፊያና የምንጭ መንገድ በፕላኑ ላይ መተው ከኋላ ጸብ ያድናል።

የመሬት ቅሬታ ሳይፈታ የተሠራ ፋብሪካ ጸጥታ አይኖረውም። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ በኦሮሚያ በርካታ ፋብሪካዎችና የእርሻ ድርጅቶች ሲቃጠሉና ሲወድሙ ከቁጣው መንስኤዎች አንዱ የመሬት ጉዳይ ነበር። ለዘበኛና ለአጥር ከሚወጣው ገንዘብ ይልቅ ቅሬታ ለመስማት የሚወጣው ርካሽ ነው።

አፈሩም ይታወቅ። መረሬ ወይም ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለመሠረት ተቆርጦ ወጥቶ በሌላ ሙሌት መተካት ይኖርበታል። የአፈር ምርመራ ሪፖርት ያለው 10 ሄክታር ሪፖርት ከሌለው 50 ሄክታር ይመረጣል። የክረምት ጎርፍ የሚያልፍበት መስመርም በካርታው ላይ ይሳል።

መብራት፦ «ፖሉ በበሩ ያልፋል» መልስ አይሆንም

በበሩ የሚያልፈው መስመር ስንት ኪሎ ቮልት ነው? ማከፋፈያ ጣቢያው ያለው ትርፍ አቅምስ? አንድ ምሳሌ ወስደን እናስላ። ፋብሪካው 5 ሜጋ ዋት ይፈልጋል እንበል። የኃይል ፋክተሩ (ከሚወስደው ኃይል ለሥራ የሚውለው ድርሻ) 0.85 ከሆነ ከጣቢያው የሚወስደው ወደ 5.9 ሜጋ ቮልት አምፒር ነው፤ የትራንስፎርመር አቅም የሚለካውም በዚህ ነው። ጣቢያው ላይ ያለው ትራንስፎርመር 25 ሜጋ ቮልት አምፒር ሆኖ በምሽት ከፍተኛ ጭነቱ 21 ከደረሰ፣ የቀረው 4 ብቻ ነው። ፋብሪካው አይገባም፤ ወይም ከገባ የከተማው መብራት ይጠፋል። ከንቲባው ይህን ስሌት የሚሰማው ከመፈረሙ በፊት ቢሆን ፕሮጀክቱን በሁለት ምዕራፍ መክፈል ወይም አዲስ ትራንስፎርመር ቀድሞ ማስጠየቅ ይቻል ነበር።

መስመሩም ልዩነት አለው። ያው 5 ሜጋ ዋት በ15 ኪሎ ቮልት ሲሄድ 226 አምፒር ያህል ይሸከማል፤ በ33 ኪሎ ቮልት ሲሄድ 103 ያህል። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር በ15ቱ መስመር ጫፍ ላይ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሞተሮች ይግላሉ፣ መቆጣጠሪያ ካርዶች ይቃጠላሉ። ስለዚህ ከኤሌክትሪክ አገልግሎት የሚጠየቀው ደብዳቤ አምስት ነገር ይያዝ፦ የጣቢያው ስምና አቅም፣ የተመዘገበው ከፍተኛ ጭነት፣ የመስመሩ ቮልቴጅ፣ እስከ ቦታው ያለው ርቀት፣ ባለፉት 12 ወራት የተቋረጠው በቁጥርና በሰዓት። የመጨረሻውን መደበቅ አይጠቅምም። ባለሀብቱ የመቋረጡን መጠን ካወቀ ጄኔሬተሩን በልኩ ይገዛል፤ ካላወቀ ግን ሥራ ከጀመረ በኋላ ትዕዛዝ ያጣል።

አንድ ቴክኒካዊ ነገር በመጀመሪያው ስብሰባ ይነገር። የኢትዮጵያና የቻይና ዝቅተኛ ቮልቴጅ አንድ ነው፤ 380/220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ማሽኖቹ ያለ ችግር ይሠራሉ። መካከለኛው ቮልቴጅ ግን ይለያል። ቻይና በብዛት የምትጠቀመው 10 እና 35 ኪሎ ቮልት ሲሆን የኛ 15 እና 33 ነው። ኩባንያው አገሩ ያለውን የተለመደ የ10 ኪሎ ቮልት ትራንስፎርመር በኮንቴይነር ጭኖ ካመጣ ከ15 ኪሎ ቮልት መስመር ጋር አይገናኝም፤ ሌላ እስኪታዘዝ፣ እስኪሠራና በጅቡቲ በኩል እስኪደርስ ተከላው ይቆማል። የቦታው ከፍታም ይነገራቸው። ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ታስቦ ነው፤ ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር አካባቢ ናቸው። በከፍታ ቦታ ጄኔሬተር አቅሙ ይቀንሳል፣ የከፍተኛ ቮልቴጅ ዕቃም ለዚያ ከፍታ መታዘዝ አለበት።

ውሃ ከነዋሪው ድርሻ እንዳይወሰድ

ልብስ የሚሰፋ ፋብሪካና ጨርቅ የሚያቀልም ፋብሪካ ሁለቱም «ጨርቃ ጨርቅ» ይባላሉ፤ በውሃ ግን አይገናኙም። ልብስ የሚሰፋው ውሃ የሚፈልገው በዋናነት ለሠራተኛው ነው፤ ለ2,000 ሠራተኛ በቀን 50 ሊትር ቢታሰብ 100 ሜትር ኩብ ይሆናል። ማቅለሚያው ግን ለአንድ ኪሎ ጨርቅ 100 ሊትር ቢፈጅና በቀን 10 ቶን ቢሠራ 1,000 ሜትር ኩብ ይጠጣል። በሴኮንድ 15 ሊትር የሚሰጥ ጥሩ ጉድጓድ 18 ሰዓት ሲሠራ የሚያወጣው 972 ሜትር ኩብ ነው፤ ማለትም አንድ ሙሉ ጉድጓድ ለማቅለሚያው ብቻ ይሄዳል ማለት ነው። በነፍስ ወከፍ 50 ሊትር ከታሰበ የ20,000 ሰው ውሃ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ውሃ በሚደርሰው ከተማ ይህን ከከተማው መስመር መቀጠል ነዋሪውን መቅጣት ነው። ማቅለሚያ የሚመጣ ከሆነ የራሱ ጉድጓድ፣ በበጋ የተደረገ የፓምፕ ፍተሻ፣ የአካባቢው ጉድጓዶች ከፍታ እየወረደ እንዳልሆነ የሚታይበት መመዝገቢያ መኖር አለበት።

ፍሳሹ የሚሄድበት ቦታ ካልታወቀ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ወረቀት ብቻ ነው። የሐዋሳው ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ማጣሪያ የተገነባለት ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ነው። በትንሽ ከተማ እንዲህ ያለው ላይኖር ይችላል። ቢያንስ ግን አንድ ነገር በግንባታ ፈቃዱ ላይ ይጨመር፦ የፍሳሽ ናሙና መውሰጃ ጉድጓድ ከአጥሩ ውጭ ይሁን። አጥሩ ውስጥ ከሆነ ተቆጣጣሪው በር ላይ ሲጠብቅ ቧንቧው ይዘጋል። ውጭ ከሆነ በሌሊትም፣ በዝናብ ቀንም ናሙና ይወሰዳል። ቀለም፣ ሙቀትና የአሲድ መጠን በቦታው በቀላል መሣሪያ ይለካሉ፤ ሌላው ወደ ላብራቶሪ ይሄዳል።

ሠራተኛው የት ያድራል?

ብዙ ከተሞች የሚቆጥሩት የሥራ ዕድሉን ነው፤ አልጋ የሚቆጥር የለም። የሐዋሳ ልምድ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ደመወዛቸው ለቤት ኪራይና ለምግብ አልበቃ ብሎ ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ለቀዋል፤ ፋብሪካዎቹም አሠልጥነው የሚያጡት ሠራተኛ ብዛት ከባድ ኪሳራ ሆኖባቸዋል። 3,000 ሠራተኛ፣ ለሦስት አንድ ክፍል ቢደርሳቸው 1,000 ክፍል ያስፈልጋል። ቀበሌው ስንት የሚከራይ ክፍል አለው? ይህን ቤት ለቤት ቆጥሮ ማወቅ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። ካልበቃ ቅጥሩ በወር ከ300 እስከ 500 እየሆነ ይሂድ፣ ለግለሰብ ቤት ሠሪዎች የግንባታ ፈቃድ ይፋጠን፣ ወይም ኩባንያው ማደሪያ እንዲሠራ ቦታው ከመጀመሪያው በፕላን ይያዝ።

የማታ ፈረቃ ሲወጣ ሠራተኛዋ የምትሄድበት መንገድ መብራት አለው? ይህ ለብዙዎች ትንሽ ይመስላል፤ ሴቶች ሥራ የሚለቁበት አንዱ ምክንያት ግን እሱ ነው። ከፋብሪካው በር እስከ መኖሪያ ሰፈሩ ያለው መንገድ ላይ መብራት መትከልና የአውቶቡስ ሰዓትን ከፈረቃው ጋር ማስማማት የከተማው ሥራ ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው ቀን ላይ ለተሠራ ሰዓት 1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። ይህ በአንድ ገጽ በቻይንኛና በክልሉ የሥራ ቋንቋ ታትሞ ለፋብሪካው መሪዎች ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይሰጥ። አብዛኛው ጸብ የሚነሳው ከደመወዝ ላይ ምክንያቱ ሳይነገር በሚቆረጥ ገንዘብና በማይመዘገብ ትርፍ ሰዓት ነው፤ ለሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ የተጻፈ የደመወዝ መግለጫ መስጠት ብቻውን ብዙውን ያበርዳል።

ቀን መቁጠሪያው

የቻይና አዲስ ዓመት በየዓመቱ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ይውላል። በዚያ ሰሞን ኃላፊዎቹ አገራቸው ናቸው፣ የማሽን አምራቾችም ዝግ ናቸው፤ ደብዳቤ መላክ ዋጋ የለውም። በኛ በኩል በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የካሳ ገንዘብ በአሮጌው ዓመት ካልወጣ ጉዳዩ እንደገና ከሥር ይጀመራል። ክረምቱ ሲገባ በዋልካ መሬት ላይ ማሽን አይሠራም። ግንቦት ላይ ከተፈረመ ቁፋሮው የሚጀመረው ጥቅምት ነው፤ አምስቱ ወር ጠፋ። መስከረም ላይ የተፈረመ ግን ለቁፋሮና ለመሠረት ሙሉ በጋ አለው። ስለዚህ የካሳው ሥራ ከሰኔ በፊት፣ ርክክቡ በጥቅምት እንዲሆን ወደ ኋላ እየቆጠሩ ማቀድ ያዋጣል።

መንገዱንም አንዴ በእውነተኛ መኪና መፈተሽ ነው። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር 12.2 ሜትር ይረዝማል፤ ከነተሳቢው ከ16 ሜትር ያልፋል። በአራት ማዕዘን የሰፈር ማጠፊያ አይዞርም። ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ሽቦና ለጋሪ የተሠራ ድልድይ የሚገኘው እንዲህ ሲፈተሽ ነው።

ከፊርማ በኋላ

አንድ ሰው ይመደብ። ኮሚቴ ስልክ አያነሳም። የተመደበው ሰው ዊቻት (ቻይናውያን የሚጠቀሙበትን የስልክ መልእክት መላላኪያ) ይክፈት፣ መልስ ባይኖረው እንኳን «ነገ 4 ሰዓት ድረስ እነግራችኋለሁ» ብሎ በዚያው ቀን ይመልስ፤ ሲዛወር የፕሮጀክቱን ማኅደር በርክክብ ለተተኪው ይስጥ። ብዙ ፕሮጀክት የሞተው ኃላፊ ሲቀየር አዲሱ ሰው የተገባውን ቃል ባለማወቁ ነው።

የመሬት ውሉ የጊዜ ደረጃዎች ይኑሩት። ለመካከለኛ ፋብሪካ ምክንያታዊ የሚሆነው በ3 ወር የአፈር ምርመራና ዲዛይን፣ በ8 ወር መሠረት፣ በ15 ወር የማሽን ግዢ ውል፣ በ24 ወር ምርት ነው። አጥር ማጠር እንደ ሥራ አይቆጠር፤ መሬት ይዞ ለማስተላለፍ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው አጥር ነው። ውሉ ግን ለሁለቱም ወገን ይሁን፦ አስተዳደሩ መንገዱን ወይም መብራቱን ባዘገየ ቁጥር የባለሀብቱ ቀን መቁጠር ይቁም። ይህ አንቀጽ የሌለበት ውል ላይ መሬት ለመንጠቅ የሄደ አስተዳደር በክርክር ይሸነፋል፤ ባለሀብቱ «መብራት አልገባልኝም» ይላል፣ እውነቱንም ነው።

የፍተሻ ቀን በየሦስት ወሩ ይያዝ፣ ቃለ ጉባኤው በሁለት ቋንቋ ይፈረም፣ ከተነሱት ነዋሪዎች የተወከለ አንድ ሰው ይገኝበት። የመጀመሪያው ደረጃ ሳይፈጸም ቀኑ ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ፣ የሁለተኛው ሲያልፍ ያልተሠራበት ክፍል ይቀነስ፤ ሙሉ በሙሉ ሲቆም መሬቱ ወደ መሬት ባንኩ ይመለስ። ከተመለሰው መሬት እስከሚቀጥለው ባለሀብት ድረስ ለቀድሞ ገበሬዎቹ በየዓመቱ በሚታደስ ስምምነት ለአንድ ሰብል ወቅት መስጠት ይቻላል፤ የሰብሉ መሰብሰቢያ ቀንና መሬቱ የሚለቀቅበት ቀን በስምምነቱ ላይ ተጽፎ።